ከ«እወድሻለሁ» ማግስት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 24 ነው። ቀን እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ማንጋ፣ የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ አነባለሁ። አብዛኛው የማነበው የሴትና የሴት ወይም የወንድና የወንድ ፍቅር ነው። ለምን እንደሆነ ይገባዎታል ብዬ አስባለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው የኒዮ ናካታኒን ነው፤ ዩ እና ቶኮ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ያሉበትን። የታካኮ ሺሙራን ‹ሰማያዊ አበቦች›ም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ታሪኩ የሚሆንበት ካማኩራ ሄጄ የማላውቀው፣ ግን መንገዱ የማይጠፋኝ ከተማ ሆኖብኛል። ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። አንደኛ፣ የድሮዎቹን ስጀምር ሁልጊዜ ሰው ይሞታል። ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ለጓደኛዬ አንድ ገጽ ወደ አማርኛ ልመልስላት ስል አንዲት ‹ሽ› አስቸገረችኝ። ጃፓንኛው ዝም ብሎ ያለፈውን አማርኛው ያወጣዋል። ምን ላድርግ? ሦስተኛ፣ እርስዎ ራስዎ የቱን ይወዳሉ? የተመሰገነውን አይደለም የምጠይቅዎት፤ የሚወዱትን ነው።»

መልስ፦ የኔ እህት፣ ስምሽንም የምትኖሪበትን ከተማም ከደብዳቤው ላይ ሰርዣለሁ። ሰርዢ አላልሽኝም። ግን ይህ መጽሔት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አገር ቤት ደግሞ ይህ ፍቅር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ «የኔ እህት» ነሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። የሌሎቹም መልስ የሚወጣው ከሱ ውስጥ ነው።

እኔ የምወደው የፉሚ ዮሺናጋን «ትናንት ምን በላህ?» ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየወጣ ነው፤ ያውም ለጎልማሳ ወንዶች በሚዘጋጅ «ሞርኒንግ» በሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ላይ። ቶኪዮ ውስጥ አንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት ወንዶች አሉ። አንዱ ጠበቃ ነው፣ ሌላው ፀጉር ሠሪ። ታሪኩ ሲጀምር ሁለቱም አርባን አልፈዋል። ፀጉር ሠሪው ኬንጂ ይባላል። የጠበቃው ስም ደግሞ ሽሮ ነው። አዎ፣ ልክ እንደኛ ሽሮ። መጀመሪያ ሳየው ለብቻዬ ሳቅኩ። ከዚያ ግን ስሙ ተስማማኝ፤ ሰውዬው ከድስት አጠገብ አይጠፋም።

ሽሮ ከቢሮ በሰዓቱ ይወጣል። ቀጥታ ወደ ሱፐርማርኬት ነው። ዋጋ ያያል፣ ያወዳድራል፣ ቅናሽ ያለበትን ያነሳል። መጀመሪያ ላይ ለሁለት ሰው የወር አስቤዛ 25 ሺህ የን ነው የመደበው፤ ከዚያ እንዳያልፍ ይጠነቀቃል። አንድ ቀን ሐብሐብ ያምረዋል። ለሁለት ሰው ግን ይበዛል። አጠገቡ ቆማ ያንኑ ሐብሐብ የምታይ አንዲት የቤት እመቤት አለች፤ ለሷም ይበዛባታል። ለሁለት ይካፈሉታል። በሬ ባይሆንም ቅርጫ ነው። ከዚያች ሐብሐብ የተጀመረው ወዳጅነት ዓመታት ይዘልቃል። የሷ ቤተሰብም የሱ ዘመድ ይሆናል።

ቤት ሲገባ ሸሚዙን ሰብስቦ ይጀምራል። የቱ ቀድሞ ይጣድ? የቱ ቆይቶ ይጠበስ? ሁሉም እኩል ትኩስ ሆኖ እንዲቀርብ በልቡ ያሰላል። ገጾች ሙሉ የሚሄዱት በዚህ ነው። እጁ ይታያል፣ ቢላዋው ይታያል፣ እንፋሎቱ ይታያል። ከዚያ ኬንጂ ከሥራ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ አንዴ ይጎርሳል፣ ፊቱ ይበራል። ሽሮ «እወድሃለሁ» የሚል ሰው አይደለም። ምን ቢሰማው በድስት ነው የሚናገረው። እኔ ያደግኩበት ቤትም እንደዚሁ ነበር። እናቴ «በላሽ?» ስትለኝ ሌላው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበረ።

አብዛኛው የፍቅር ታሪክ «እወድሻለሁ» ላይ ያበቃል። እኔ የሚርበኝ ማግስቱ ነው። አስቤዛ የሚሸምተው ማነው? አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ሌላው ምን ሠርቶ ያበላዋል? አንዱ ሲሸብት ሌላው ምን ይለዋል? ስለ ሁለት ወንዶች ወይም ስለ ሁለት ሴቶች እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ በልጅነቴ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ኃጢአቱ ሰምቻለሁ። ስለ አስቤዛው ማንም አልነገረኝም። ሽሮና ኬንጂ ደግሞ እንደ ሌላው የሥዕል ታሪክ ዕድሜያቸው ቆሞ አይቀርም። ዓመት በመጣ ቁጥር ዓመት ይጨምራሉ። አብረውኝ ያረጃሉ።

አንድ ክፍል አለ፣ እሱን ሳላነሳ አላልፍም። ሽሮ ለአዲስ ዓመት ኬንጂን ወላጆቹ ቤት ይወስደዋል። ሲመለሱ ኬንጂ መንገድ ላይ ያለቅሳል፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ለዚያ ቀን እደርሳለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። ቆይቶ ግን ወላጆቹ ለሽሮ ይነግሩታል፤ ከእንግዲህ ይዘኸው ባትመጣ ይሻላል ይሉታል። እናትየዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ልጇን ትወዳለች። አቅሟ እስከዚያ ድረስ ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ከድኜ ቁጭ አልኩ። ምክንያቱም እኔም እዚያ ነበርኩ።

ታናሽ ወንድሜ በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ እሑድ ማታ ደወለልኝ። ያኔ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ሌሊት ሌሊት ካሸር ነበርኩ። በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ወንድ እንደሚወድ ነገረኝ። እኔ «እሺ» አልኩት። አስከትዬም «እማማ የላከችው በርበሬ ደረሰህ?» አልኩት። «ደርሷል» አለኝ። አልተጣላንም። አልተኮራረፍንም። በየበዓሉ እንደዋወል ነበር። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የምናወራው ስለ በርበሬ ብቻ ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ።

በ2017 የጌንጎሮ ታጋሜ «የወንድሜ ባል» በእንግሊዝኛ ወጣና ከቤተ መጻሕፍት ተዋስኩት። ታጋሜ ለብዙ ዓመታት ለአዋቂ ወንዶች ብቻ የሚሆን ሥራ ሲሥል የኖረ ሰው ነው። ይህን ግን ከ2014 እስከ 2017 ለማንኛውም ቤተሰብ በሚሆን መንገድ ሠራው። አራት ቅጽ ነው። ያይቺ የሚባል አባት ትንሽ ልጁን ካናን ብቻውን ያሳድጋል። መንትያ ወንድሙ ሪዮጂ ካናዳ ሄዶ ነበር፤ እዚያ አግብቶ፣ እዚያው ሞተ። አንድ ቀን በር ይንኳኳል። ያይቺ ሲከፍት ጺማም፣ ግዙፍ የካናዳ ሰው ቆሟል። ማይክ ይባላል። የወንድሙ ባል ነው።

ማይክ ያይቺን ሲያይ ዘሎ ያቅፈዋል። አስቢው እስቲ። መንትያ ናቸው። የቀበረው ባሉ በሩን ከፍቶለት ቆሟል። ያይቺ ግን ይደነግጣል፣ ይገፋዋል።

ካና ልጅ ናት፤ ልጅ የሚጠይቀውን ትጠይቃለች። ወንድና ወንድ ይጋባል እንዴ? በሌላ አገር ይጋባል። ካናዳ ከ2005 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ፈቅዳለች። ጃፓን ፍቅሩ ወንጀል ባይሆንም ጋብቻውን አገሪቱ እስከዛሬ አታውቀውም። ቶኪዮ ውስጥ ሺቡያና ሴታጋያ የሚባሉ ወረዳዎች በ2015 የአብሮነት ወረቀት መስጠት ጀመሩ፤ በ2021 ደግሞ የሳፖሮ ፍርድ ቤት ክልከላው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። ካና ግን ስለ ሕግ አይደለም የምታስበው። ቀጥላ፣ ታዲያ ባልየው ማነው፣ ሚስትየዋስ ማናት ትላለች። ማይክ ይስቅና ሁለቱም ባል መሆናቸውን ይነግራታል። ካና ገባት። በቃ፣ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። ይህንኑ ጥያቄ ትልልቅ ሰዎች ሲጠይቁ ስንቴ ሰምቻለሁ፤ መልሱን ለመስማት ግን የካናን ያህል ጆሮ የሰጠ አላየሁም።

እኔን የያዘኝ ግን ያይቺ ነው። ወንድሙ በወጣትነታቸው ነግሮት ነበር። ያይቺ አልተቆጣም፣ አልሰደበም። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተራራቁ። አሁን ወንድሙ የለም፤ የሚያንገበግበው ያልተናገረው ነው። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። ወንድሜ ሲያነሳ ስለ በርበሬ አልጠየቅኩም። «ማነው ስሙ?» አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ስሙን ነገረኝ።

ባለፈው ፋሲካ ቤታቸው ነበርኩ። ወንድሜ ዶሮውን ሲገነጥል ሰውዬው ሽንኩርት ከተፈ፤ ዓይኑን በክርኑ እየጠረገ። የአሥራ ሁለቱን ብልት ስም አንድ በአንድ ቆጠርንለት። ሦስቱን ያዘ።

በዚህ መጽሐፍ አንድ ቅሬታ አለኝ። ማይክ በጣም ጥሩ ሰው ነው። አይቆጣም፣ አይሰለቸውም፣ ቢያስቀይሙትም ፈገግ ይላል። ሐዘንተኛ እንደዚያ አይሆንም። ለመወደድ መልአክ መሆን አልነበረበትም። ሽሮን የበለጠ የምወደው ለዚህም ነው፤ ሽሮ ቆጥቋጣ ነው፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይፈራል፣ አንዳንዴ ኬንጂን ያስከፋዋል።

አሁን ወደ ሞቱ እንምጣ። የሞቶ ሃጊዮ «የቶማስ ልብ» በ1974 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ደራሲዋ 24 ዓመቷ ነው፤ 25 ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ያንቺ እኩያ ናት። የወጣውም ለታዳጊ ሴቶች በሚዘጋጅ ሳምንታዊ መጽሔት ነው። ጀርመን አገር፣ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት። ገና መግቢያው ላይ ቶማስ የሚባል ልጅ ከባቡር ሐዲድ በላይ ካለ ድልድይ ወድቆ ይሞታል። ለዩሊ፣ ለሚወደው ልጅ፣ ደብዳቤ ትቶለታል። ብዙም ሳይቆይ የሟቹን መልክ ቁርጥ የሆነ ኤሪክ የሚባል ተማሪ ይመጣል። ዩሊ ያንን ፊት ባየ ቁጥር ይታመማል።

ልብ አልሽ? እዚህም የሟች ፊት ነው የሚመጣው፤ ልክ እንደ ያይቺ በር። በሁለቱ መሃል 40 ዓመት አለ። ሟቹ አልቀረም። ግን በ1974 ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው፤ በ2014 ቤት ውስጥ ምጣድ ተጥዷል፣ ትንሽ ልጅ አለች፣ ለእንግዳው የሚነጠፍ ፍራሽ አለ።

«የቶማስ ልብ» መጀመሪያ ሲወጣ አንባቢ አልወደደውም ነበር። መጽሔቱ ባደረገው ምርጫ መጨረሻ ወጣና አዘጋጁ ቶሎ ጨርሺው አላት። ያዳናት ሌላ ሥራዋ ነው፤ በመጽሐፍ መልክ የወጣው የቫምፓየር ታሪኳ በሦስት ቀን ተሸጦ አለቀ። የዕድሜ እኩያዋ ኬኮ ታኬሚያ ደግሞ «የነፋስና የዛፎች መዝሙር»ን ካሰበችው በኋላ የሚያትምላት ለማግኘት ዓመታት ጠብቃለች። በ1976 ጀምራ በ1984 ጨረሰችው። እዚያም ዚልቤር የሚባለው ልጅ ይሞታል።

ለምን ይሞታሉ ላልሽው፣ የኔ ግምት ይህ ነው። ሃጊዮ ይህን ዓለም ስትጀምር በሴት ተማሪዎች ሞክራው ነበር፤ አልሆነላትም፣ ወንዶች ስታደርጋቸው እጇ ተፈታ። ሴት ልጅ ጠንክራ መውደድ፣ መመኘት፣ መበደልና መቆጣት በማይፈቀድላት ቦታ በሩቅ አገር ወንድ ልጅ ፊት ተሸፍና ትናገራለች። እስከ ፍቅሩ ድረስ መንገድ ቀደዱ። ከዚያ በኋላ ግን ወዴት ይውሰዷቸው? ዩሊና ቶማስ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው አስቤዛ ሲገዙ የሚያሳይ ታሪክ ከፊታቸው አልነበረም። የማያውቁትን ቤት መሣል ከበዳቸው ብዬ ነው የማስበው። ስለዚህ የድሮዎቹን ስታነቢ አትቀየሚያቸው። ዮሺናጋ ሽሮን ኩሽና ያስገባችው እነሱ በከፈቱት በር ነው።

ወደ «ሽ» ልምጣ። ይህ ጥያቄሽ ሁለት ቀን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። የላክሽልኝ ገጽ፣ ቶኮ የዩን እጅ ይዛ የምትናገርበት ነው። ጃፓንኛው «ሱኪ» ይላል። ቃሉ ብቻውን የወደደ አይጠራም፣ የተወደደም አይጠራም፣ ጾታም የለበትም። ዩ ለብዙ ምዕራፍ ያቺን ቃል ስትጠብቃት ነው የምትኖረው፤ ከዘፈንና ከመጽሐፍ ታውቃታለች፣ በራሷ ልብ ግን አልመጣችላትም። አማርኛ እንደዚያ አንጠልጥሎ አይተውሽም። «ልወድ ነው መሰለኝ» ብትዪ ዓረፍተ ነገሩ አየር ላይ ይቀራል። «ልወድሽ ነው መሰለኝ» ነው የሚባለው። እና ያቺ «ሽ» ሁሉን ነገር ታወጣለች።

እኔ አትደብቂያት እላለሁ። አንዳንዶች «ፍቅር ይዞኛል» ብለው ያልፏታል። አታልፊያት። በአማርኛ ሴት ለሴት «ልወድሽ ነው መሰለኝ» ስትል የታተመበትን ገጽ ስንት ቦታ አይተሻል? ጃፓንኛው ያልሰጠሽን አማርኛው ሰጥቶሻል። ደግሞም ቋንቋችን በዚህ ነገር የሚመስለውን ያህል ግትር አይደለም። አባቴ እኔን ሲያቆላምጠኝ «አንተ» ነበር የሚለኝ። «ና እስቲ አንተ ጀግና» ይለኝና ጭኑ ላይ ያስቀምጠኛል። ማንም አልተደናገረም።

መደበቅ የሚገባው ቦታም አለ፤ እሱንም አማርኛ ያውቅበታል። የዩኪ ካማታኒን «የሺማናሚ አመሻሽ» አንብበሻል? ካላነበብሽ ቀጣይሽ እሱ ይሁን። አራት ቅጽ ነው፤ ከ2015 እስከ 2018 የወጣ። ቦታው ኦኖሚቺ ነው፤ ሂሮሺማ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር፣ ቤቶቹ በዳገት ላይ የተደረደሩበት ከተማ። ሰው ለቋቸው የፈረሱ ቤቶች አሉ። ታሱኩ የሚባል ተማሪ እነዚያን ቤቶች ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር ይገጥማል። የሚሰበሰቡበት ቤት ባለቤት ስማቸው አይታወቅም። ሰው ሁሉ «ዳሬካ ሳን» ይላቸዋል፤ «የሆነ ሰው» እንደማለት ነው። ወንድ ይሁኑ ሴት አይነገርም። «እገሌ» ብትዪ ወንድ ይሆናል፣ «እገሊት» ብትዪ ሴት። አክብሮቱ ግን አለልን። «እሳቸው መጡ፣ እሳቸው አሉ፣ እሳቸው ከመስኮቱ ዘለሉ።» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ሳትሰናከዪ ትሄጃለሽ። ደራሲውንም የምጠራቸው በዚሁ ነው፤ ካማታኒ ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው አይገልጹም። አያቶቻችን ለአክብሮት ያበጁት ቃል እዚህ መድረሱ ደስ ይለኛል።

የርዕሱ «አመሻሽ» በጃፓንኛ «ታሶጋሬ» ነው። ቃሉ ሲፈታ «ያ ማነው?» ማለት ነው፤ ፊት የማይለይበት ሰዓት። እኛ «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» የምንለው። ለጓደኛሽ ከመለስሽላት ርዕሱን በዚህ አድርጊው። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ታሪኩ ሲጀምር ታሱኩ ሚስጥሩ የወጣበት መስሎት ሞትን እያሰበ ነው። በከፋሽ ቀን አትጀምሪው፤ ከጓደኛሽ ጋር ሆናችሁ ጀምሩት።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኔታንያ ነው። ልጆቼ ማንጋ ሲያነቡ መጽሐፉን ከኋላ ነው የሚከፍቱት። ለነሱ በዕብራይስጥ ስለለመዱት ምንም አይደለም፤ እኔ ግን በአማርኛ ዓይኔ መከተል አቃተኝ። ለምን አገላብጠው አያትሙትም?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድሮ ያገላብጡት ነበር። ጃፓንኛ ከላይ ወደ ታች ይጻፍና ዓምዶቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ ሥዕሉም ያንኑ ይከተላል። የቀድሞዎቹ የእንግሊዝኛ እትሞች ገጹን እንደ መስታወት ይገለብጡት ነበር። ታዲያ ሰዉ ሁሉ ግራኝ ሆነ። የባሰው ኪሞኖው ነው። ኪሞኖ ሲለበስ የግራው ጫፍ ከላይ ይደረባል። የቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው። ገጹ ሲገለበጥ በሕይወት ያሉት ሁሉ እንደ ሬሳ ለብሰው ተገኙ። ስለዚህ ተዉት። ከልጆችዎ አንዱን አጠገብዎ ያስቀምጡና በጣቱ እያሳየ ያስነብብዎ፤ ሃያ ገጽ ሳይሞላ ዓይንዎ ይለምደዋል።

ጥያቄ፦ «ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ሁለት ሴቶች የሚፋቀሩበትን የሥዕል መጽሐፍ ታነባለች። ፍራሽዋ ሥር ደብቃው አገኘሁ። መልሼ እዚያው አደረግኩት። ልከልክላት ወይስ እንዳላየ ልሁን? እንዳላየ መሆኑ የሚሻል ይመስለኛል። — እናት»

መልስ፦ እህቴ፣ መልሰው እዚያው ማድረግዎ ደስ ብሎኛል። መጽሐፉን ሳይቀዳድዱ፣ ሳይጮኹ፣ ለሌላ ሰው ሳይናገሩ እኔን ጠየቁኝ። ግን እንዳላየ አይሁኑ። ከላይ ስለ ወንድሜ የጻፍኩትን አንብበውት ከሆነ ለምን እንደምል ይገባዎታል። እኔም እንዳላየ ሆኜ ነበር።

ስለ መጽሐፎቹ፣ ሁሉም ለ16 ዓመት ልጅ አይሆኑም። ለአዋቂ ብቻ የተሠሩ አሉ፤ ብዙዎቹ ሽፋናቸው ላይ 18 የሚል ምልክት ይታተምባቸዋል። ምልክቱን ይፈልጉ። «የነፋስና የዛፎች መዝሙር»ም በልጅ ላይ የሚፈጸም ከባድ በደል አለበት፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን ይቆያት። «ሰማያዊ አበቦች» ከሆነ የያዘችው አያስቡ። ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች ካማኩራ ውስጥ በባቡር ይገናኛሉ። አንዷ አልቃሻ ናት፣ ሌላዋ ታባብላታለች። ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ለእርስዎ ደግሞ አንድ አለ። «በበረንዳ ላይ መለወጥ» ብዬ ነው የምጠራው፤ ደራሲዋ ካኦሪ ጽሩታኒ ናት፣ አምስት ቅጽ። ኢቺኖይ የሚባሉ የ75 ዓመት እናት አሉ። ባላቸው ሞቷል። የቁም ጽሕፈት ያስተምራሉ። አንድ የሙቀት ቀን ለመብረድ ብለው መጻሕፍት መሸጫ ይገቡና ሽፋኑ ስላማራቸው ብቻ አንድ ማንጋ ይገዛሉ። ቤት ወስደው ሲከፍቱት ሁለት ወንዶች ይሳሳማሉ። «እንዴ!» አሉ። ግን አልከደኑትም። በነጋታው ሁለተኛውን ቅጽ ፈልገው ሄዱ።

ሱቁ ውስጥ የምትሠራው ኡራራ የ17 ዓመት ተማሪ ናት። እሷም እነዚህኑ መጽሐፎች ደብቃ ነው የምታነበው፤ እንደ ልጅዎ። ስለነሱ የምታወራው ሰው የላትም። እሳቸው መጥተው ቀጣዩ የት አለ ሲሏት ልጅቷ ግራ ገባት፣ ከዚያ ፊቷ ተፈታ። የእሳቸው በረንዳ ላይ ሻይ ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ ይህኛው ለምን አልነገረውም፣ ያኛው መች ነው የሚመለሰው እያሉ።

እርስዎም እንደዚያ ይግቡ። ከፍራሹ ሥር አገኘሁት አይበሏት። ይህንን የጽሩታኒን አንደኛውን ቅጽ ይዋሱና ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይገኝ። ልጅዎ አይታ ዝም ካለች እርስዎ ይጀምሩ፤ «ይቺ ሴትዮ ቀጥላ ምን ታደርጋለች?» ይበሏት። እሷ ታውቃለች።

አንድ ቦታ ላይ ኢቺኖይ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ። የሚወዱት ማንጋ አዲስ ቅጽ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። እሳቸው ደግሞ አርጅተዋል። በዚህ አካሄድ ስንት ቅጽ ይደርሱበታል? መጨረሻውን ለማየት ስንት ዓመት መኖር አለባቸው? ጣታቸውን እያጠፉ ያሰላሉ። ከዚያ ተነስተው ለእራት የሚሆን ነገር ይፈልጋሉ።